በጥቁር አፈር ላይ የአንቴና ማማ መሠረት

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በሚገኘው ጥቁር አፈር ባለበት ግቢዬ 12 ሜትር የሚረዝም የሬዲዮ አንቴና ማማ ለማቆም አስቤአለሁ። መሠረቱ 1 ሜትር ቢቆፈር ይበቃል?

መልስ፦ አይመስለኝም። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ፣ በበጋም ደርቆ ስለሚሰነጠቅ፣ ቁፋሮው ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ድረስ መቀጠል ይኖርበታል። ማማውን የሚገለብጠው በዋናነት ጫፉን የሚገፋው ነፋስ በመሆኑ የመሠረቱን ስፋት በግምት አይወስኑ፤ የማማውን አምራች ሥዕል ለመሐንዲስ ያሳዩ። ኮንክሪቱን ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ያጠጡት፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ቢሆንም፣ አንዳንድ ሠራተኞች በሦስተኛው ቀን ብረቱን ለማቆም ይቸኩላሉ።

ሌላ መልስ፦ መብረቅንም ያስቡበት። የማማውን እግሮች በወፍራም የመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ያገናኙ፤ ይህም ከቤቱ ግራውንድ (የቤቱን ኤሌክትሪክ ከመሬት ጋር ከሚያገናኘው መስመር) ጋር መያያዝ አለበት። ቦታውንም ማማው ቢወድቅ የመብራት ሽቦ እንዳይነካ አድርገው ይምረጡ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የመብራት ምሰሶው በ9 ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ ጉድጓዱን ወደ ጓሮ አዛውራለሁ።