በማሽላ ማሳ ላይ የሚሄደው ሞገድ ከነፋሱ ለምን ይፈጥናል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ቦርከና ዳር ባለው የቤተሰቤ ማሽላ ውስጥ ሁለት ባለኩባያ የነፋስ መለኪያዎች ተክያለሁ። የማሽላው ቁመት 2.5 ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንዱ መለኪያ በ1 ሜትር፣ ሌላው ከዛላው ጥቂት ከፍ ብሎ በ3 ሜትር ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የታችኛው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይልና በድንገት ለጥቂት ሰከንድ ተሽከርክሮ ይቆማል። ዛላው ደግሞ እንደ ውኃ ይሞገዳል፤ ከአንዱ ሞገድ እስከ ቀጣዩ ዐሥራ ሦስት እርምጃ ያህል ገመትሁ። የገረመኝ ሞገዱ የላይኛው መለኪያ ከሚያሳየው አማካይ ፍጥነት እጅግ ፈጥኖ ማለፉ ነው። የነፋስ ፍጥነት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚጨምር የሚያሰላው የሎጋሪዝም ቀመርም አልገጠመልኝም። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የእኔ?

መልስ 1 (ደሴ)፦
ያዩት ነገር ትክክል ነው። ከሰብሉ በላይ ያለው አየር ሲፈጥን በቅጠልና በአገዳ የተያዘው የታችኛው ስለሚዘገይ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት በዛላው ከፍታ ላይ ፍሰቱ ሚዛኑን ስቶ እየተጠቀለለ ትልልቅ አዙሪቶችን ይፈጥራል። ተመራማሪዎቹ ራውፓክ፣ ፊኒጋንና ብሩኔ በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ይህ የአየር ነውጥ በመሬት ገጽ ላይ ከሚሄድ ተራ ፍሰት ይልቅ ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ፍሰቶች ሲቀላቀሉ የሚታየውን ይመስላል። ዛላውን የሚያሞግዱት እነዚህ አዙሪቶች በሰብሉ አናት ካለው አማካይ ነፋስ 1.8 እጥፍ ያህል ይፈጥናሉ፤ መጠነኛ ጥቅጥቅታ ባለው ሰብል ደግሞ ከአንዱ አዙሪት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት የሰብሉን ቁመት አራት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ ለእርስዎ ማሽላ 10 ሜትር ይመጣል፤ ዐሥራ ሦስት እርምጃዎም ከዚህ አይርቅም። ጃፓኖች ይህንኑ የማሳ ሞገድ «ሆናሚ» ይሉታል፤ የዛላ ሞገድ ማለት ነው። የታችኛው መለኪያ ድንገተኛ ሽክርክሪትም አዙሪቱ ከላይ ፈጣን አየር ይዞ ወደ ውስጥ ሲወርድ የሚመጣ ነው።

ቀመሩን በተመለከተ፣ የነፋሱ መነሻ ከፍታ ከመሬት ሳይሆን ከሰብሉ ቁመት ሁለት ሦስተኛ ግድም ይቆጠራል፤ ይህን ቢያስተካክሉም 3 ሜትር ለሰብሉ እጅግ ስለሚቀርብ ቀመሩ እዚያ አይሠራም። ከቁመቱ ሁለት እጥፍ በላይ ይውጡ።

መልስ 2 (ሐርቡ)፦
መሣሪያውን ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣውም። ባለኩባያ መለኪያ ደካማ ነፋስ ስለማያዞረው ዜሮ መጻፉ አየሩ ፍጹም ቆሟል ማለት አይደለም፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውንም አይለይም። ሰብል በመጋሸብ ለሚቸገር ገበሬ ደግሞ አማካዩ ብዙም አይነግረውም፤ አፈሩ በዝናብ ከላላ በኋላ ሥሩን የሚነቅለው ያ የጥቂት ሰከንድ ግፊት ነው። ስለዚህ ከየ10 ደቂቃው አማካይ ጎን ከፍተኛውንም ይመዝግቡ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለላይኛው መለኪያ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና አግኝቻለሁና ነገ ወደ 6 ሜትር አወጣዋለሁ፤ የታችኛውን እዚያው ትቼ ከፍተኛውን ግፊት ብቻ አነብበታለሁ።