ክርክር፦ የዲያብሎ 2 ኔክሮማንሰር ወደ ዲኤንዲ ጠረጴዛ ሲመጣ አዲስ ክላስ ይጻፍለት ወይስ ዊዛርዱ ይበቃዋል?

ማኅደር፦
ጉዳዩ ይህ ነው። አንድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን የኮምፒውተር ጨዋታ፣ የዲያብሎ 2ን ኔክሮማንሰር (ሙታን አስነሺ አስማተኛ) በዲኤንዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ) አምስተኛ እትም፣ በ2014ቱ ሕግ ሊጫወተው ይፈልጋል። የ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ የኔክሮማንሲ ሳብክላስ (የክላስ ቅርንጫፍ) ስለሌለው ወደዚያ አንሂድ። የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ከኋላው የሚከተል የአፅም ጭፍራ፣ እርግማን፣ የአጥንት ጦር፣ ሬሳ ማፈንዳት። ያለውን ክላስ (የገጸ ባሕርይ ዓይነት)፣ ዊዛርዱን ማለትም አስማተኛውን፣ ስም ቀይረን እንስጠው ወይስ ከባዶ እንጻፍለት? በቁጥር ተከራከሩ፣ «አሪፍ ነው» እና «አይረባም» አይጠቅመንም።

ልብስ ቀያሪ፦
ከባዶ መጻፍ ድካም ብቻ ነው። የኔክሮማንሲ ዊዛርድ 6ኛ ሌቭል ላይ አኒሜት ዴድን (ሬሳ የሚያስነሳውን ድግምት) በነፃ ያገኛል፤ በአንድ ድግምት አንድ ተጨማሪ ሬሳ ያስነሳል፤ ያስነሳው አፅም ኤችፒው (የሕይወት ነጥቡ) በዊዛርዱ ሌቭል ልክ ይጨምራል፣ ጉዳቱ ላይም ፕሮፊሸንሲ ቦነሱ (ከሌቭል ጋር የሚያድገው ጭማሪ) ይደመራል። ለአጥንት ጦር ላይትኒንግ ቦልት አለ፦ 100 ጫማ ርዝመት፣ 5 ጫማ ስፋት፣ 8ዲ6 ጉዳት (ስምንት ባለስድስት ገጽ ዳይስ)፤ መብረቁን አጥንት በሉት። ዲያብሎ ውስጥ ለሚያደክመው እርግማን ስሎው የሚባል የማዘግየት ድግምት አለ፣ እስከ ስድስት ጠላት ይይዛል። ለአጥንት ጋሻው ፎልስ ላይፍ።

ደግሞ አንድ የማይታይ ጥቅም አለው። አኒሜት ዴድ ኮንሰንትሬሽን (በአንድ ጊዜ አንድ ድግምት ብቻ የሚያዝበት ትኩረት) አይፈልግም፣ ስለዚህ አፅሞቹ እየተዋጉ ስሎውን ይዞ መቆየት ይችላል። ዲያብሎ 2 ላይ አንድ ጠላት አንድ እርግማን ብቻ ነው የሚሸከመው፣ አዲሱ አሮጌውን ያነሳዋል። ኮንሰንትሬሽን ይህንኑ ሥራ በራሱ ይሠራልናል። ምንም አልጻፍንም እኮ!

አጥንት ቆጣሪ፦
ስሎቱን (በቀን የተፈቀደልህን የድግምት ብዛት) ግን አልቆጠርከውም። አፅሞቹ የሚታዘዙት ለ24 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ድግምቱን ካልደገምክ ትእዛዝ መስማት ያቆማሉ፤ አንድ የ3ኛ ደረጃ ስሎት የሚያድሰው ደግሞ አራት አፅም ብቻ ነው። ስምንት አፅም ማለት በየቀኑ ሁለት ስሎት። 6ኛ ሌቭል ላይ ያለህ ሦስት ነው። ማታ ላይ አድሰህ ሎንግ ረስት (ረጅም ዕረፍት) ብታደርግ ስሎቱ ይመለስልሃል፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሁለቱን ስሎት ሳትነካ መዋል አለብህ። አርኬን ሪከቨሪ የሚባለው የዊዛርዱ ችሎታ አንድ የ3ኛ ደረጃ ስሎት ይመልስልሃል እንበል፣ ላይትኒንግ ቦልትህና ስሎውህ ከዚያው ከተረፈችው ነው የሚወጡት።

ሰዓቱም ይሸሻል። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ካደስክ ዛሬ ከ2 ሰዓት በፊት ነው ማደስ ያለብህ፣ ነገ ከዚያም ቀደም ብሎ። ሰዓቱን የማይጽፍ ተጫዋች አንድ ቀን ዋሻ መሃል ስምንት ባለጎራዴ ጠላት ያተርፋል።

ገጽ 250፦
እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚያሳስበኝ፤ ደካማ ሳይሆን ከልክ በላይ ጠንካራ ነው። ስምንት አፅም፣ ለመምታት +4፣ የጠላቱ ኤሲ (የመከላከያ ቁጥር) 16 ይሁን። በባለ20 ገጽ ዳይስ 12 እና ከዚያ በላይ ማውጣት አለባቸው። የዲኤሙ (የጨዋታ መሪው) መመሪያ የጅምላ ጥቃት ሠንጠረዥ አለው፦ የሚፈለገው ቁጥር 6 እስከ 12 ከሆነ ከሁለት አጥቂ አንዱ ይመታል፣ 13 እና 14 ከሆነ ከሦስት አንዱ፣ 15 እና 16 ከአራት አንዱ። ስለዚህ አራት ምት። የአፅሙ አጭር ጎራዴ 1ዲ6+2 ነው፣ ላዩ ላይ ፕሮፊሸንሲ 3 ሲደመር በአማካይ 8.5 ይሆናል። አራት ጊዜ 34። ለዚህ ሁሉ የወጣው አንድ ቦነስ አክሽን (በተራው ያለችው ትንሿ ተጨማሪ እርምጃ) ነው፣ ዋናው አክሽን ገና እጁ ላይ ነው።

አጠገቡ ያለው 6ኛ ሌቭል ፋይተር (ተዋጊ) ስትሬንግዝ (ጉልበት) 18 ይዞ በትልቅ ጎራዴ ሁለቴ ሲመታ፣ በዚያው ኤሲ 16 ላይ በአማካይ 14 ገደማ ያወጣል። የዲያብሎ ኔክሮማንሰር ብቻውን ስክሪኑን ቢሞላው ማንም አይከፋም። እዚህ ግን አራት ሰው ተራውን ይጠብቃል።

ልብስ ቀያሪ፦
ፋየርቦል (የእሳት ኳስ ድግምት) አለ እኮ። 8ዲ6፣ በአማካይ 28። አንድ ጠላት አስማተኛ ቢወረውረው ጭፍራው ያልቃል።

ገጽ 250፦
ሁሉም አያልቅም። ተራ አፅም 13 ኤችፒ ስላለው ሴቩን (ጉዳት የሚቀንሰውን የመከላከያ ዳይስ) ቢያልፍም በግማሹ 14 ይሞታል። የ6ኛ ሌቭል ኔክሮማንሰር ያስነሳው ግን 19 ኤችፒ አለው፣ ሴቩን ካለፈ ይተርፋል። ደግሞስ ዲኤሙ በየውጊያው ፋየርቦል ሲወረውር ተጫዋቹ እንደ ቅጣት ያየዋል።

ነጭ ካባ፦
ጠላት ለምን አስፈለገ? የራሳችሁ ክሌሪክ (የካህን ክላስ) ይጨርሳቸዋል። ተርን አንዴድ የሚባለው አንዴድ (ሕያው ሙታን) አባራሪ ችሎታው 30 ጫማ ውስጥ ያለን የሚያየውን ወይም የሚሰማውን አንዴድ ሁሉ ነው የሚነካው፣ ወዳጅ ጠላት አይለይም። ከ5ኛ ሌቭል ጀምሮ ደግሞ ሴቩን የወደቀ ቻሌንጅ ሬቲንጉ (የጥንካሬ ደረጃው) 1/2 እና ከዚያ በታች ከሆነ እዚያው ይጠፋል። አፅም 1/4 ነው። ገጸ ባሕርይ ከመሥራታችሁ በፊት ቡድኑ ውስጥ ማን ምን እንደሚጫወት ተነጋገሩ። የ2014ቱ መጽሐፍ አንዴድ መፍጠርን መልካም ሥራ አይደለም ስለሚል፣ ዲያብሎ ውስጥ ያሉት ኔክሮማንሰሮች፣ የራትማ ካህናት፣ ግን ሚዛን ጠባቂ ስለሆኑ፣ ይህንም ዲኤሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ይፍታው።

ማኅደር፦
ሳመን አንዴድ የሚባለውን የመጥሪያ ድግምት ማንም አላነሳም። 3ኛ ደረጃ፣ አንድ ፍጡር ብቻ፣ ከጠሪው ተራ ቀጥሎ ይጫወታል። የጠረጴዛውን ጊዜ አይበላም።

አጥንት ቆጣሪ፦
የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። ሳመን አንዴድ ኮንሰንትሬሽን ነው፤ እሱን ከያዝክ ስሎው ሄደ፣ እርግማን ሄደ። 300 ወርቅ የሚያወጣ በወርቅ የተለበጠ የራስ ቅልም ይጠይቃል። አንድ አፅም የሚከተለው ኔክሮማንሰር ደግሞ ምኑ ነው ዲያብሎ?

ግን ሁላችሁም የሳታችሁት ሌላ ነው። እስካሁን የምንቆጥረው አፅም ነው፤ ዲያብሎ 2 ላይ የዚህ ክላስ ልብ ሬሳው ነው። ጠላት ወደቀ፤ አሁን ምረጥ፦ አፅም ታደርገዋለህ ወይስ ታፈነዳዋለህ? ያች ምርጫ በየጥቂት ሰከንዱ ትመጣለች። አኒሜት ዴድ ለመጣል 1 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማለትም 10 ዙር። ውጊያው አልቋል! ዊዛርዱን የፈለጋችሁትን ስም ስጡት፣ መሬት ላይ የወደቀ ሬሳ ለእሱ በውጊያ መሃል ምንም አይጠቅመውም።

በዚያ ላይ ዲያብሎ ውስጥ አፅም የሚነሳው ከመጀመሪያው ሌቭል ነው። ዊዛርድ 3ኛ ደረጃ ስሎት የሚያገኘው 5ኛ ሌቭል ላይ። እስከዚያ ምን ያድርግ?

ልብስ ቀያሪ፦
ይህን አልክድም። በል እንግዲህ፣ የአንተን አሳየን።

አጥንት ቆጣሪ፦
ጭፍራው አንድ ፍጡር ነው፣ አንድ ኢኒሼቲቭ (የተራ ቅደም ተከተል)፣ አንድ የጥቃት ዳይስ። ኤሲ 13። ኤችፒ 5 ሲደመር አምስት ጊዜ ሌቭል፣ 6ኛ ላይ 35። በቦነስ አክሽን ካላዘዝከው ዶጅ (ምት መሸሽ) ብቻ ያደርጋል፤ ይህ አርቲፊሰር ከሚባለው ክላስ ረዳት ፍጡር፣ ከስቲል ዲፌንደር፣ የተወሰደ ነው፣ ተፈትኗል። ለመምታት የጠሪውን የድግምት ቦነስ ይጠቀማል። ጉዳቱ እስከ 4ኛ ሌቭል 1ዲ6 ሲደመር ፕሮፊሸንሲ፣ ከ5ኛ 2ዲ6። ኤችፒው ከግማሽ ሲወርድ ዳይሱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የአይጥ መንጋ ላይ እንዳለው ሕግ። 1ኛ ሌቭል ላይ ሁለት አፅም ትስላለህ፣ 6ኛ ላይ ሰባት፤ በየ5 ኤችፒው አንድ ቅርጽ ከጠረጴዛው ይነሳል።

የሚታደሰው በሬሳ ብቻ ነው። 30 ጫማ ውስጥ ያለ ሬሳ፣ ቦነስ አክሽን፣ 10 ኤችፒ ይመለሳል፣ ሬሳው ይጠፋል። ያን ተራ ጭፍራው አያጠቃም፣ ቦነስ አክሽኑ አንድ ነውና።

ፍንዳታው 2ኛ ደረጃ ድግምት፣ አክሽን፣ 60 ጫማ፣ ዙሪያው 10 ጫማ፣ ዴክስ ሴቭ (በቅልጥፍና የሚጣል)፣ ያለፈ ግማሹን ይቀበላል። ልኩን የወሰድኩት ሻተር ከሚባለው ድግምት ነው፣ እሱም 2ኛ ደረጃ፣ 60 ጫማ፣ 10 ጫማ፣ 3ዲ8 ነው። ስለዚህ ትንሽ ሬሳ 2ዲ8፣ መካከለኛ 3ዲ8፣ ትልቅ 4ዲ8፣ ግዙፍ 5ዲ8። ዲያብሎ የሬሳውን ሙሉ ኤችፒ በመቶኛ ያሰላል፤ ኮምፒውተር ነው፣ ይችላል። እኛ መጠኑን እናያለን፣ ዲኤሙ የሞተ ጭራቅ ኤችፒ መልሶ አይፈልግም።

ገጽ 250፦
ጆንያ ሙሉ ዶሮ ይዞ ይመጣል። በየክፍሉ በር ላይ አንዱን አርዶ ያፈነዳል።

አጥንት ቆጣሪ፦
አይችልም። ከትንሽ በታች የሆነ ሬሳ አይሠራም፤ ከሞተ 1 ደቂቃ ያለፈውም አይሠራም፤ ኢኒሼቲቭ ተጥሎ ሲዋጋችሁ የነበረ መሆን አለበት። ሦስተኛዋን መስመር ማንም እንዳይሰርዝ፣ ክላሱን የምትይዘው እሷ ናት።

ነጭ ካባ፦
ጉዳት የሚያበዛውን እርግማንስ? በጥሬው ብትተረጉሙት ቨልነረቢሊቲ ነው፣ ጉዳት እጥፍ። ሮጉ (የሌባ ክላስ) በስኒክ አታክ (የአድብቶ ምት) አንዱን አለቃ ጭራቅ በአንድ ዙር ይጨርሰዋል።

አጥንት ቆጣሪ፦
እጥፍ አይሆንም። እያንዳንዱ አጥቂ በተራው በመጀመሪያ የመታው ምት ላይ 1ዲ4 ይጨምር፣ በቃ። ጭፍራውን አንድ ፍጡር ያደረግኩት ለዚህም ነው፤ ስምንት አፅም ለየብቻ ቢቆም ይቺው እርግማን እስከ 8ዲ4 ትሆን ነበር።

ልብስ ቀያሪ፦
እሺ፣ ግን አሁንም ክላስ አይባልም። ዊዛርዱን ተውት፤ 2ኛ ሌቭል ላይ ግሪም ሃርቨስት የሚባለውን የኔክሮማንሲ ችሎታ አውጡና ሬሳ መብላቱን አስገቡ፣ 6ኛ ላይ አንዴድ ስሮልስን (ቅድም የቆጠርኩትን የአፅም ማጠንከሪያ) አውጡና ጭፍራውን አሳድጉት። ፍንዳታው የድግምት መጽሐፉ ውስጥ ይግባ። ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው።

አጥንት ቆጣሪ፦
1ኛ ሌቭል ላይ ባዶ እጁን ይቀራል ማለት ነው። ጭፍራው ከመጀመሪያው ካልመጣ አልስማማም።

ልብስ ቀያሪ፦
አንድ ሌቭል ፋሚሊየር (በድግምት የሚጠራ አጋር እንስሳ) ይዞ ይታገስ፣ ጉጉቱን የአፅም ጉጉት በሉት። 1ኛ ሌቭል ቶሎ ያልቃል።

ገጽ 250፦
ሁለታችሁም ያልመለሳችሁት ጥያቄ አለ። ፋይተሩ ራሱ ቢሞትስ? መካከለኛ ሬሳ ነው፣ ኢኒሼቲቭ ተጥሏል፣ 1 ደቂቃ አልሞላውም። 3ዲ8።

ነጭ ካባ፦
1 ደቂቃ ሙት የሚያነሳው ድግምት፣ የሪቪቪፋይም ልክ ነው። እኔ 300 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ ይዤ እየሮጥኩ ነው፣ እሱ ያፈነዳዋል?

አጥንት ቆጣሪ፦
«ሲዋጋችሁ የነበረ» ይላል ጽሑፉ። ፋይተሩ ሲዋጋን አልነበረም።

ገጽ 250፦
5ኛው ዙር ላይ በድግምት ተይዞ መትቶን ነበር እንበል።

ልብስ ቀያሪ፦
ፋይተሩን ጠይቁት።