ዴቢያን 13 ላይ አንድ ፓኬጅ ብቻ ከቴስቲንግ ማምጣት

ሼል_ወዳድ፦
ሰላም። ትሪክሲ (የሊኑክሱ ዴቢያን 13፣ የተረጋጋው ማለትም "ስቴብል" እትም) ላይ ኒኦቪም የተባለውን የጽሑፍ ኤዲተር ብቻ ከቴስቲንግ (ለሚቀጥለው እትም ገና እየተፈተነ ካለው ስብስብ) ለማምጣት የቴስቲንግን መስመር ሶርስ ሊስት (ፓኬጆች የሚወርዱባቸው ምንጮች ዝርዝር) ላይ ጨመርኩ። በፓኬጅ ጫኚው በአፕት "አፕት አፕግሬድ" ስል ግን ብዙ መቶ ፓኬጅ ዘርዝሮ ዋይ ወይም ኤን በል ብሎ ቆሟል። ፕሪፈረንስስ-ዲ በሚባለው የአፕት ቅንብር ፎልደር ውስጥ "ቴስቲንግ.ኮንፍ" የሚል ፋይል አለ፤ ለቴስቲንግ 50 የቅድሚያ ነጥብ ይሰጣል። ለምን አልሠራም?

ኩርንችት፦
መጀመሪያ ኤን በል፣ ዳታህ ሳያልቅ። ፋይሉ አልተነበበም። እዚያ ፎልደር ውስጥ አፕት የሚያነበው ቅጥያ የሌለውን ወይም ቅጥያው "ፕረፍ" የሆነውን ብቻ ነው፤ ኮንፍን ዘሎት ያልፋል። ፒን (የቅድሚያ ነጥብ የሚወስን ደንብ) ከሌለ ስቴብልም ቴስቲንግም እኩል 500 ናቸው፤ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ከፍ ያለው ቨርዥን ያሸንፋል። ያ ሁሉ ዝርዝር የመጣው ከዚህ ነው። ስሙን "ቴስቲንግ.ፕረፍ" አድርገህ ይህን ጻፍበት፦

ፓኬጅ፦ *
ፒን፦ ሪሊዝ ኤ=ቴስቲንግ
ፒን-ፕራዮሪቲ፦ 100

ከዚያ "አፕት-ካሽ ፖሊሲ ኒኦቪም" በል። ከስቴብሉ ጎን 500፣ ከቴስቲንጉ ጎን 100 ማየት አለብህ።

ሼል_ወዳድ፦
50 ይበልጥ አጥብቆ አይዘውም?

ኩርንችት፦
ከሚገባው በላይ ያጠብቀዋል። የተጫነ ቨርዥን ራሱ 100 አለው። ኒኦቪምን አንዴ ከቴስቲንግ ከጫንክ በኋላ የሚመጣው አዲስ ቨርዥን 50 ከሆነ አይገባም፤ የደህንነት ጥገና ቢወጣ እንኳ። የስቴብሉ 500 ቢኖረውም ቨርዥኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ አይነካውም፤ ወደ ኋላ ለመመለስ ቢያንስ 1000 ይፈልጋል። በ100 ግን ነጥቡ እኩል ይሆንና አዲሱ ይገባል።

የሌሊት_ክሮን፦
ፒኑ ልክ ነው፤ መንገዱን ግን አልወደውም። "አፕት -ኤስ ኢንስቶል -ቲ ቴስቲንግ ኒኦቪም" ብለህ እይ፤ ኤስዋ ምንም ሳትጭን ምን እንደሚሆን ታሳያለች። ቲዋ ለዚያ ትዕዛዝ ብቻ ቴስቲንግን 990 ታደርሰዋለች፤ ስለዚህ ዲፔንደንሲዎቹም (ፓኬጁ እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ሌሎች ፓኬጆች) ከዚያው ይጎተታሉ። ዝርዝሩ ላይ ሊብሲ6 (ፕሮግራሞች የሚጋሩት መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ካየህ ተው። እሱ አንዴ ከተቀየረ ማሽኑ ላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል በእሱ ላይ ነው የሚሠራው፤ ዴቢያን ደግሞ ዳውንግሬድን (ወደ ቀድሞ ቨርዥን መመለስን) አይደግፍም። የተለያዩ እትሞች የተደባለቁበት "ፍራንከንዴቢያን" የሚባለው ሲስተም ይሄው ነው።

ይህን ከማድረግህ በፊት ትሪክሲ-ባክፖርትስን (ለትሪክሲ የተዘጋጁ አዳዲስ ቨርዥኖች ያሉበትን ምንጭ) ፈትሽ። ፓኬጆቹ ለስቴብል እንደገና የተገነቡ ስለሆኑ ሊብሲን አይነኩም፤ ነጥቡም ከራሱ 100 ስለሆነ ፒን አያስፈልገውም። "አፕት ኢንስቶል -ቲ ትሪክሲ-ባክፖርትስ" ብለህ የፓኬጁን ስም ታስከትላለህ። የፈለግከው እዚያ ከሌለ በፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከሲስተሙ ለይቶ በሚጭነው) መጫን ወይም ከሶርስ ኮዱ ገንብቶ ሆም ፎልደርህ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሶርስ ሊስት ላይም "ስቴብል" ሳይሆን "ትሪክሲ" ብለህ ጻፍ። ቀጣዩ እትም ፎርኪ ሲወጣ "ስቴብል" የሚለው ቃል ወደ እሱ ይዞራል፤ አንድ ጠዋት ለተራ አፕዴት ስትነሣ ወደ ዴቢያን 14 መሻገር ትጀምራለህ።

ኩርንችት፦
የቴስቲንግን መስመር ካጠፋህ አፕት አፕዴት በል፤ ከዚያ "አፕት ሊስት --ኢንስቶልድ" ላይ "ሎካል" (አሁን ባሉት ምንጮች ውስጥ የሌሉ) የሚሉትን ፈልግ። በእጅህ በዴብ ፋይል ያልጫንከው ነገር እዚያ ካለ ከቴስቲንግ ሾልኮ የገባ ሊሆን ይችላል።