ስናደድ አፌን እንዴት ልያዝ?

ሰላም ወገኖች፣ ቸርች ስሆን ቃሌ ማር ነው፣ እቤት ስገባ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ትናንት እህቴ ሳህን ሳታጥብ ብትተኛ "አንቺ መቼም አትለወጪም" ብዬ ጮህኩባት፣ ዝም ብላ ተነስታ ስታጥብ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አንጀቴ ተላወሰ። ቆላስይስ 4፥6 ንግግራችሁ በጨው የተቀመመ ይሁን ይላል፣ እናንተ እንዴት ነው ምትለማመዱት?

መልስ 1፦
እኔን ያዕቆብ 1፥19 ነው የረዳኝ፣ ለመስማት መፍጠን ለመናገር መዘግየት። ቴክስት ላይ በተለይ፣ ተናድጄ የጻፍኩትን ሳልልክ ስልኩን አስቀምጬ እጸልያለሁ፣ ስመለስ ግማሹን አጠፋዋለሁ።

መልስ 2፦
ወንድሜ "መቼም" እና "ሁሌም" የሚሉትን ተዋቸው፣ ስለ ሳህኑ ተናገር እንጂ ስለ ማንነቷ አትፍረድ። ዝም በል ማለቴ ግን አይደለም፣ ጨው ያለው ንግግር እውነትም አለበት።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። ዛሬ ጠዋት "ግን" ሳልጨምር ይቅርታ ጠየቅኳት፣ አቅፋኝ አለቀሰች።