የክረምት ሥዕል ትምህርት ጥቆማ፦ ከእርሳስ እስከ ጠጅ ቤት ሰም

ሰኔ ሲጋመስ ጥያቄው ይጀምራል። «ልጄን ክረምቱን ሥዕል የት ላስገባው?» «ለአዋቂስ የሚያስተምር አለ?» ዘንድሮ አንድ ተጨመረ፦ በሰም መሣል አዲስ አበባ ውስጥ መማር ይቻላል ወይ? ይቻላል። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ከእህቴ ልጅ ጋር ስሞክረው ነበር። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ነገሩ ኢንካውስቲክ ይባላል። የንብ ሰም ይቀልጣል፣ ቀለም ይገባበታል፣ በትኩሱ እንጨት ላይ ይቀባል። ከዚያ እያንዳንዱ ሽፋን እንደገና በሙቀት ተመትቶ ከታችኛው ጋር ይዋሃዳል። አዲስ ጥበብ አይደለም። ግብፅ ፋዩም ውስጥ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን ከሟቾች ጋር ከተቀበሩት የፊት ሥዕሎች ብዙዎቹ በሰም የተሠሩ ናቸው። ቀለማቸው ዛሬም ትኩስ ነው። በሲና ቅድስት ካትሪን ገዳም ያለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን የክርስቶስ ሥዕልም በሰም ነው የተሣለው።

እኔ ሰምን ብቻ የሚያስተምር ቤት ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ የምመክረው፣ ንድፉን ክፍል ገብታችሁ ተማሩ፤ ሰሙን ደግሞ ከዚያው አስተማሪ ጋር ተነጋግራችሁ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጨምሩበት። የእኛ አስተማሪ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመረቀ ሠዓሊ ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው ማለቴ ነው። ከዚያ የወጣ ሰው ንድፍን ከመሠረቱ ነው የሚያስይዛችሁ።

የመጀመሪያው ክረምት ግን እዚያ አልጀመርንም። ካራቴውም፣ ኪቦርዱም፣ እንግሊዝኛውም፣ ሥዕሉም አንድ ሕንፃ ላይ የሚሰጥበት ማዕከል የእህቴን ልጅ አስገባናት። ስሙን አልጠራም። ከ30 የማያንሱ ልጆች በአንድ አስተማሪ ነበሩ። ልጅቷ ወሩን ሙሉ ከስልክ ላይ ካርቱን ስትገለብጥ ከረመች። ለትንንሽ ልጆች፣ ቤት ከመዋል ይሻላል ካላችሁ፣ ክፋት የለውም። መሣል መማር ለሚፈልግ ግን ገንዘቡ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ዓመት የሠዓሊው ስቱዲዮ ገባን። ተማሪው ስድስት ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እርሳስና ከሰል እንጂ ቀለም የሚባል አልነበረም። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ጀበና አስቀመጠልንና፣ «ጀበናዋን አትሣሉ፤ በእጀታዋና በሆዷ መሃል ያለውን ክፍት ቦታ ሣሉ» አለን። ግራ ገባን። ክፍቱን ቦታ ብቻ እያየን ስንሥል ቆይተን ቀና ስንል ጀበናዋ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብላለች። እስከዚያ ቀን የሣልኩት ጀበና ሁሉ የማውቀው እንጂ የማየው እንዳልነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ቤት ድረስ የሚመጣ አስተማሪም አለ። ጊዜ ለሌለው አዋቂ ጥሩ ነው። ችግሩ የሌላ ተማሪ ሥራ አለማየታችሁ ነው፤ ሰው ከጎኑ ካለው ሰው ስህተት ብዙ ይማራል። በስልክ ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? ከፎቶ ነው ወይስ ከዕቃና ከሰው የምንሥለው? መስኮቱ ይከፈታል? የመጨረሻው ለሰም ሥራ የግድ ነው።

ዕቃው ላይ እንምጣ። ለእርሳስ ብዙ አትጨነቁ። አንድ ኤችቢ (መካከለኛ)፣ አንድ 2ቢ (ለስለስ ያለ)፣ አንድ 6ቢ (በጣም ለስላሳና ጥቁር) ይበቃል። ገንዘብ ከተረፋችሁ ወፍራም ወረቀት ግዙበት።

ሰሙ ነው ዋናው። ሦስት ዓይነት ሞክሬያለሁ። ነጩ የሱቅ ሻማ ፓራፊን ነው፣ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ሰም፤ ይሰባበራል፣ ይሰነጠቃል፤ ተዉት። ጧፍ ከእውነተኛ ሰም ከተሠራ ግሩም ነው፤ ዛሬ ግን ፓራፊን የተቀላቀለበት ብዙ ነው። ቆንጥራችሁ በጣታችሁ እሹት። የንብ ሰም በእጅ ሙቀት ይለሰልሳል፣ እንደ ሊጥ ይታሻል፣ ማር ማር ይሸታል። ፓራፊን ይፈረፈራል ወይም ያንሸራትታል።

የእኔ ምርጫ ሰፈፍ ነው። ጠጅ ሲጣል ማሩ ከነሰሙ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ሰሙ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ያ ተገፎ የሚወጣው ነው ሰፈፍ። ሰፈራችሁ ጠጅ ቤት ካለ ጠይቁ፤ መርካቶም ይገኛል። እንደገዛችሁት ግን አይሠራም። ከብዙ ውኃ ጋር አሙቁት፣ በአቡጀዲ አጥልሉት፣ ሳትነኩት አሳድሩት። ጠዋት ሰሙ እንደ ድፎ ከላይ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ገልብጡትና ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ቆሻሻ በቢላ ፋቁ። ሁለት ጊዜ ደግሙት። ቀለሙ ቢጫ ስለሆነ ሰማያዊ ስትጨምሩበት ወደ አረንጓዴ ይሄድባችኋል። ለሰማይ ከፈለጋችሁት በቀጭኑ አፍስሳችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ይነጣል። በክረምት ፀሐይ መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ።

ሙቀቱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። ለሥራ የሚመቸው ከ80 እስከ 93 ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ መጭስ ይጀምራል፤ ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ውጭ አገር ሙቀቱን የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ መጥበሻ ይጠቀማሉ። እኛ ጋ ያለው ተራ ስቶቭ ልክ አያውቅም። መላው ቀላል ነው፦ ብረት ድስት ላይ ውኃ ጥዱ፣ የሰሙን ጣሳ ውኃው ውስጥ አስቀምጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ውኃው እስካለ ድረስ ሰሙ ከዚያ አያልፍም። ከተማዋ ራሷ ልኩን ትጠብቅላችኋለች። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የተደሰትኩት። ውኃው እንዳይደርቅ ብቻ እያያችሁ ጨምሩ። ጠብታ ሰሙ ውስጥ እንዳይገባም ተጠንቀቁ።

ጣሳውን፣ ድስቱንና ሽፋኖቹን በሙቀት የምታዋህዱበትን አሮጌ ካውያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ታገኛላችሁ። ካውያው ታቹ ልሙጥ ይሁን፤ የእንፋሎት ቀዳዳ ያለው ሰሙን ይውጠዋል። ብሩሽ ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ የግድግዳ ቀለም ብሩሽ ይሆናል። ናይሎን ሙቀቱን አይችልም። ከተጠራጠራችሁ አንድ ፀጉር ነቅላችሁ ለኩሱት፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ትክክለኛው ነው።

የሚሣልበት ደግሞ ኮምፔርሳቶ ነው። ሸራ ሲተጣጠፍ ሰሙ ይሰነጠቃል። አክሪሊክ ወይም የግድግዳ ውኃ ቀለም ከሥር አትቀቡ፤ ሰሙ አይይዘውም፣ ውሎ አድሮ ይላጣል። ባዶ እንጨት፣ ወይም ኖራማ ዱቄትና የቆዳ ሙጫ ተደባልቆ የተለቀለቀ እንጨት ሰሙን ይመጠዋል። እዚያ ላይ በከሰል ንድፋችሁን ሠርታችሁ ቀለም ያልገባበት ሰም ብታለብሱት፣ ንድፉ ከሥር እየታየ ይቀራል። የክፍሉና የሰሙ ትምህርት የሚገናኙት እዚህ ነው። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ስለሚይዝ ከመቀባታችሁ በፊት አሙቁት። እንጨቱ ከቀዘቀዘ ሰሙ ከብሩሹ ሳይወርድ ይረጋል።

ለቀለም፣ በቱቦ ያለ የዘይት ቀለም ወረቀት ላይ ጨምቃችሁ ዘይቱ ሲመጠጥ ትንሽ ትንሽ ሰሙ ውስጥ ጨምሩ። ዱቄት ቀለም የምትጠቀሙ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ሰሙን የሚያጠነክረው ዳማር የሚባል የዛፍ ሙጫ ነው። የተለመደው ልክ ለ8 እጅ ሰም 1 እጅ ነው፤ ለአንድ ኪሎ 125 ግራም ማለት ነው። አገር ቤት አላገኘሁትም። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ላኩበት፤ አይከብድም። በእሱ ፈንታ ዕጣን ሞክሬ ነበር፤ አትድከሙ። ከፊሉ በውኃ እንጂ በሰም የማይሟሟ ሙጫ ስለሆነ ጣሳው ሥር ተጓጉሎ ይቀራል። ዳማር ከሌለ ንጹሕ ሰም ብቻውን ለመማሪያ ይበቃል።

ሰም እሳት ከያዘ ውኃ አትድፉበት፤ ይፈነዳል። ክዳን ድፉበት። ክዳኑ ሁሌ ከጎናችሁ ይሁን።

ልጆችን በሚመለከት ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ትኩስ ሰም አልሰጥም። ጧፍ ስጡት። ነጭ ወረቀት ላይ በጧፉ የፈለገውን ይሣል፤ ምንም አይታይም። ከዚያ ላዩ ላይ የውኃ ቀለም ይቀባበት። ሰሙ ያረፈበት ቦታ ቀለሙን እምቢ ብሎ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእህቴ ልጅ ታናሽ ወንድም በዚህ መንገድ ዝናብ ሣለ። ወረቀቱን ሙሉ ሰማያዊ ሲቀባው ጠብታዎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። እሱም ወደ መስኮቱ ሮጦ ሄዶ ከውጪው ዝናብ ጋር አስተያየው።