የክረምቱ የልጆች ጉዞ ወደ ሀዋሳ፦ በጎ ፈቃድ ነው ወይስ ሽርሽር?

አወያይ
ለክርክር የቀረበው ይህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) አካባቢ ያሉ ወላጆች ከ15 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 20 ልጆችን ከሐምሌ 18 እስከ ነሐሴ 9 (ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 15) ሀዋሳ ሊልኩ አስበዋል። ዕቅዱ እንዲህ ይላል፦ የአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሎችን ቀለም መቀባት፣ ለተማሪዎች እንግሊዝኛ ማስተማር፣ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ መጎብኘት፣ ችግኝ መትከል፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ቀናት መዝናናት። ግማሹ ወጪ ከኮሚዩኒቲው የጋራ ገንዘብ እንዲሸፈን ተጠይቋል። ይሸፈን ወይስ አይሸፈን? ከነምክንያቱ። ስድብ ይሰረዛል።

የሐይቁ መምህር
በዚህ ዕቅድ ከሆነ አይሸፈን። እስቲ ቀኑን እዩት። ሐምሌ 18 ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሰኔ መጨረሻ ካርድ ተሰጥቶ ልጁ ቤቱ ገብቷል፣ መምህሩም ወይ ሥልጠና ላይ ነው ወይ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዷል። «እንግሊዝኛ ማስተማር» ያላችሁት ለማን ነው? በአሜሪካ የዕረፍት ጊዜ የምትመጡት የእኛም የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ ነው ችግሩ።

ቀለሙማ ጭራሽ። አብዛኛው የቆርቆሮ ጣሪያ አሸንዳ የለውም። ዝናቡ ከጣሪያ ወርዶ ከመሬት ይነጥርና ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ ያርሰዋል። እርጥብ ልስን ላይ ፕላስቲክ ቀለም ስትቀቡ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ እንደታፈነ ይቀራል። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል፣ ጥቅምት ላይ ይረግፋል። ደግሞ መቀባት ማለት ብሩሽ መያዝ ብቻ አይደለም፦ አሮጌውን መፋቅ፣ ስንጥቁን በስቱኮ መድፈን፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም። 7 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን፣ በርና መስኮቱ ተቀንሶ 75 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። 1 ሊትር 10 ካሬ ሜትር ከሸፈነ ለሁለት እጅ 15 ሊትር ነው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ቀለም ቀቢ ሰፈሩ ውስጥ ሞልቷል፣ ክረምት ላይም ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ነው። ሃያ ልጅ ውቅያኖስ አቋርጦ የእሱን እንጀራ የሚነካው ለምንድን ነው?

እናት ከሜሪላንድ
መምህር፣ ስለ ቀለሙ አልከራከርዎትም፣ ይቅር። ግን እኔ ልጄን የምልከው ግድግዳ እንዲቀባ አይደለም። እዚህ የተወለደ ልጅ አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። ኢትዮጵያ የሚሄደው ከወላጅ ጋር ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው፣ ከአክስት ቤት ወደ አጎት ቤት እየዞረ ቡና ሲጠጣ ይከርምና ይመለሳል። ከእኩዮቹ ጋር ቢሄድ ይለያል።

ሌላም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 የሰርቪስ ሰዓት (ኅብረተሰብን በነፃ ማገልገል) ግዴታ ነው፣ ዲሲ ደግሞ 100። እነዚህ ልጆች ሰዓቱን መሙላታቸው አይቀርም። የታሸገ ምግብ በመደርደር ከሚሞሉት በአባታቸው አገር ቢሞሉት ምን ነውር አለው?

ሰርቪስ አስተባባሪ
እህቴ፣ ሰዓቱን እንደ ቀላል አትይው። የሜሪላንዱ ሕግ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ዝግጅት፣ ተግባር፣ ከዚያ ልጁ የሠራውን መለስ ብሎ መገምገሙ። አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠበት፣ ሙዚየም ያየበት፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ የበላበት ሰዓት አይቆጠርም። አስቀድሞ ባልተፈቀደ ድርጅት በኩል ከሆነ ቅጹ ከመሄዳቸው በፊት በትምህርት ቤቱ አስተባባሪ መታየት አለበት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተፈረመ ወረቀት ይዞ የመጣ ልጅ «ማን ፈቀደልህ?» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለሁለት ሳምንት ቢሠሩ 40 ሰዓት ነው። ለወላጅ «75ቱን ይጨርሳል» ተብሎ ከተነገረ ውሸት ነው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ማሳደጊያው ከዕቅዱ ይውጣ፣ ለድርድርም አይቅረብ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 (እንደ አውሮፓውያን) ስለ ሕፃናት መብት ባወጣው ውሳኔ የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነት የሚያመጣውን ጉዳት ጠቅሶ መንግሥታት እንዲከላከሉት ጠይቋል። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉ ልጆች ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ አላቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስጦታና ዶላር ከመጣ ቤቱ እንዲሞላ የሚፈልግ ሰው ይፈጠራል። ሕፃኑ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ የሚያቅፈው አዲስ ሰው እየመጣ፣ እየለመደው ይሄድበታል። ከዚያ ፎቶው። የ15 ዓመት ልጅ ስልኩን ይዞ ገብቶ የማያውቀውን ሕፃን ፊት እንዳይለጥፍ ማን ይጠብቀዋል? እዚህ የራሱን ትምህርት ቤት ልጆች እንዲህ ቢያደርግ ወላጅ ይከሰው ነበር።

ሸገር
ሽርሽር በሉትና ይገላግለን። የራሱን ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ይሂድ።

እናት ከሜሪላንድ
ሸገር፣ የራሱ ገንዘብ የሌለውስ? ሁለት ሥራ የሚሠራ የታክሲ ሾፌር ልጅ አይሂድ ማለት ነው? የጋራው ገንዘብ የተጠየቀው እኮ ለዚያ ነው።

የትኬት ሰው
ክርክሩ ሲያልቅ ወረቀቱ ይጠብቃችኋልና ይህችን ያዙ። ከ16 ዓመት በታች የወጣ የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው፣ እንደ አዋቂው 10 አይደለም። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲያሳድሱም ልጁ ገና 15 ከሆነ ሁለቱም ወላጆች መቅረብ አለባቸው፤ አንዱ ካልቻለ ዲኤስ-3053 የሚባለውን ቅጽ ኖታሪ ፊት ፈርሞ ይልካል። የተፋቱ ቤተሰቦች በዚህ የተነሳ ለወራት ይዘገያሉ። ለኢትዮጵያ ቪዛ ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን። ወላጅ ለማይሄድበት ልጅ ሁሉ በኖታሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ፣ አጃቢው በስም ተጠቅሶ፣ ሕክምና የመፍቀድ ሥልጣኑም ተጽፎ።

ቪዛው ራሱ ጥያቄ አለው። የቱሪስት ቪዛ ለጉብኝት ነው፤ ክፍል ገብቶ ማስተማር ሌላ ነገር ነውና ተቀባዩ ትምህርት ቤት ከከተማው ትምህርት መምሪያ ደብዳቤ ያጽፍ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ) ያለው ልጅ ቪዛ አያስፈልገውም።

ድሮን የሚባል ነገር ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። ቦሌ ላይ ይያዛል፣ ሃያው ልጅ አንዱን ሲጠብቅ ያድራል። ለክሊኒክ የሚሰጥ መድኃኒትም ያለ ፈቃድ አይገባም።

ጎንደርና ላሊበላ ለምን የሉም ብላችሁ በውስጥ ለጠየቃችሁኝ፦ አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን 2023) ክረምት ጀምሮ ግጭት ውስጥ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ «አትሂዱ» ያለበትን ቦታ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ አይሸፍንም። ውሉን ፈርሞ ከመክፈል በፊት ያቺን አንቀጽ ማንበብ።

ነርሷ
ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከወባ ነፃ ነው፣ ሀዋሳ ግን አይደለም። «እኛ እዚያ አድገን ምን ሆንን?» የሚል አባት አይጠፋም። እዚህ የተወለደ ልጅ ለወባ ምንም የተለማመደ ሰውነት የለውም፣ አባትየውም 20 ዓመት ከቆየ የነበረውን አጥቷል። ማላሮን የሚባለው የወባ መከላከያ ኪኒን ከመግባታቸው 1 ወይም 2 ቀን በፊት ይጀመራል፣ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከወጡ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን ይረክሳል፣ ግን ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆዳ ያቃጥላል፣ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። ልጆች የሚያቋርጡት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። እናቶች የምትቆጥሩት ያን ጊዜ ነው።

የታይፎይድ መርፌ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ክትባት መጀመር፤ ሀዋሳ ካልተገኘ አዲስ አበባ የሚያደርስ መኪና ከነሾፌሩ ዝግጁ ይሁን። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት የለም፣ ቢልሃርዝያ አለበት። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ልጅ ሐኪም ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ቃሉ «ኢትዮጵያ ነበርኩ» ይሁን፤ አለበለዚያ ጉንፋን ነው ተብሎ ይሸኛል።

አጃቢ ለአምስት ልጅ አንድ፣ ወንድም ሴትም ይኑርበት። ሁለት አዋቂ ብቻ ይዞ የሚወጣ ጉዞ ከሆነ አንዱ ከታመመ ልጅ ጋር ሆስፒታል ሲያድር 19ኙ ከአንድ ሰው ጋር ቀሩ ማለት ነው። የኮሚዩኒቲው ገንዘብ ለዚህ አጃቢ ይውጣ፣ ለቲሸርት አይውጣ።

ችግኝ ጣቢያ
ስለ ተከላው። ወቅቱ ትክክል ነው፣ ከዕቅዱ ሁሉ ቀኑ የገጠመለት ይኸ ብቻ ነው። ግን ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ መጀመሪያ ያው መጨረሻው ነው፣ ከዚያ የዘገየ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ያልቅበታል። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም እንዲሁ፣ ከተከላው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይቆፈር። የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጥና መጀመሪያ እሱ ይመለስ። እንግዳ ሁሌ የሚሳሳተው ፕላስቲኩ ላይ ነው፦ ሳይቀድ ይተክላል፣ ወይ ሲጎትት አፈሩ ይፈርስና ሥሩ ይራቆታል። ምላጭ ይዞ ከጎን መቅደድ ነው። አንገቱ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ጠልቆ ከተቀበረ ይበሰብሳል።

ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ማን ያጠጣል? ፍየል የሚያግድስ? ለ200 ችግኝ ለአንድ ጥበቃ የስድስት ወር ደሞዝ ካልተያዘ ባትተክሉት ይሻላል።

የሐይቁ መምህር
እንግዲህ አይሆንም ብቻ አልልም። የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጡ ተማሪዎች በየቀበሌው የማጠናከሪያ ትምህርት በነፃ ይሰጣሉ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ናቸው የሚመጡት፣ ጠዋት ጠዋት። የጎደላቸው እንግሊዝኛ የሚያናግራቸው ሰው ነው። ሰዋስው ከእኛ ይማራሉ፣ አፋቸው ግን አይፈታም። የእናንተ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ከስድስት ልጅ ጋር ቁጭ ብለው 45 ደቂቃ ቢያወሩ ይጠቅማል። መሪው የኛ ተማሪ ይሁን፣ እነሱ ረዳት። ከሰዓት በኋላ ይገለበጥ፣ የኛዎቹ የእናንተን አማርኛ ያስተምሩ። ከተማው ውስጥ አማርኛ ይበቃል፤ ገጠር ወጣ ካላችሁ ግን ሲዳምኛ ነው፣ «ልጄ አማርኛ ይለምዳል» ያለ ወላጅ ይህን ቀድሞ ይወቅ።

አባ መጽሐፍ
ከዚያ ላይ ቤተ መጻሕፍት ጨምሩ። ትኬቱ ለእያንዳንዱ መንገደኛ 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣ የሚፈቅድ ይሁን። አንዱን ለመጽሐፍ ቢተው 20 ልጅ 460 ኪሎ ይወስዳል፣ አንዱ መጽሐፍ ግማሽ ኪሎ ቢመዝን ወደ 900 መጽሐፍ ነው። ብቻ እባካችሁ፣ ቤዝመንት ያስቸገረውን የ1980ዎቹ ኢንሳይክሎፒዲያ አይደለም። ቀላል ማንበቢያ፣ ሥዕል ያለበት መዝገበ ቃላት። ለጉምሩክ የተቀባዩ ደብዳቤና ዝርዝሩ ከነቁጥሩ። መዝገብ ከፍቶ ቁጥር መለጠፍና መደርደር ዝናብ የማያቆመው ሥራ ነው፣ አስቀድሞ ከተፈቀደ የሰርቪስ ሰዓቱም ይቆጠራል።

ሸገር
ሻንጣውን ብቻ ለምን አንልከውም ታዲያ? ልጆቹ ይቅሩ።

የሐይቁ መምህር
ሻንጣ እንግሊዝኛ አያወራም ወንድሜ።

እናት ከሜሪላንድ
መምህር ባሉት እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ከሃያው የሚጾምም የማይጾምም፣ ሙስሊምም ጴንጤም አለ። የሚያበላቸው ቤት ይህን ያውቃል? ነሐሴ 9 ከሚመለሱስ አራት ቀን ጨምረው ቡሄን ቢያዩ፣ ችቦውን፣ ሙልሙሉን፣ ልጆቹ በየደጁ ሲጨፍሩ? በየዓመቱ እዚህ በፓርኪንግ ሎት የምናሳያቸው እኮ እሱን ነው።

ሰርቪስ አስተባባሪ
ነሐሴ 13 ማለት ኦገስት 19 ነው። ለበረራውና ለእንቅልፉ ሁለት ቀን ስጡት፣ ትምህርት የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ነው። የእግር ኳስና የማርቺንግ ባንድ ልምምድ ያለበት ልጅማ ከዚያም ቀድሞ ይፈለጋል። መጀመሪያ የየትምህርት ቤቱን ካላንደር ሰብስቡ፣ ከዚያ ስለ ቡሄ እናወራለን።

አወያይ
እስካሁን ያለው ተይዟል። ማሳደጊያውና ቀለሙ ይውጣ የሚለውን የተቃወመ የለም። ያልተቋጨው ገንዘቡ ነው፦ በእኩል ለሃያው ይከፋፈል ወይስ መክፈል ለማይችሉትና ለአጃቢ ብቻ ይዋል? በዚህች ላይ ብቻ ቀጥሉ። ሸገር፣ አንተም ጭምር።

ሸገር
መክፈል ለማይችሉት ብቻ። ግን «አልችልም» ያለውን ማን ያጣራል? ታክስ ወረቀት እንጠያየቅ እንዳትሉኝ።