በፍልሰታ ጾም አይስላንድ ላይ የአራት ቀን የእግር ጉዞ፦ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ነርሷ ከጎተንበርግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ስዊድን ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አይስላንድ ሄደው ላውጋቬጉር የሚባለውን መንገድ በእግር ሊጓዙ ነው። አስጎብኚ አላቸው። አዳሩ በየመንገዱ ባሉ ጎጆዎች ነው፣ ሻንጣ በመኪና ይሄዳል ተብሏል። አንዲት ልጅ ስለቀረች ቦታዋን ለእኔ ሰጡኝ። እስከ አርብ መልስ ይፈልጋሉ።

ልቤ መሄድ ይፈልጋል። ግን ብዙ ነገር ያሳስበኛል። ዕድሜዬ 47 ነው። ቅዳሜና እሁድ ጫካ ውስጥ ረጅም መንገድ እሄዳለሁ፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቴን ያመኛል። ወቅቱ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ ጾሜን መግደፍ አልፈልግም። ወንዝ በእግር መሻገር አለ ሲሉም ሰማሁ። እናቴ በስልክ አይስላንድ ስላት «ያ እሳት የሚተፋው አገር?» ብላ ደነገጠች። የሄደ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ። ለአስጎብኚ የሚጠየቀው ገንዘብስ ተገቢ ነው?

የደባርቅ ልጅ፦

እህት ዓለም፣ ሂጂ። መንገዱን አውቀዋለሁ። እኔም የሄድኩት ከአስጎብኚ ጋር ነው።

ያደግኩት ደባርቅ ነው። አባቴ ስሜን ተራሮችን ለሚጎበኙ እንግዶች በበቅሎ ዕቃ ይጭን ነበር። ስለዚህ ሰው ተራራ ላይ እንዴት እንደሚደክም ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ከፍታው አያስፈራሽ። ስሜን ላይ ያለው ማደሪያ ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ያልፋል። ላውጋቬጉር ላይ ከፍተኛው ማደሪያ ህራፍንቲኑስከር 1,000 ሜትር ቢያልፍ በትንሽ ነው። የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እዚያ ሰውን የሚጎዳው እርጥበትና ነፋስ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርዳል፣ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ይመጣል። ነሐሴ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ።

መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላንድማናላውጋር ተነስቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቶርስሞርክ ይወርዳል። በአራት ቀን ሲከፈል በቀን ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ይደርስሻል። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጁላይ የሩጫ ውድድር ይካሄድበታል፤ ክብረ ወሰኑ ከአራት ሰዓት በታች ነው። የእኛ ልጆች አንድ ቀን እዚያ ሮጠው ባየሁ እላለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ዳገት ነው። ከጎጆው ጀርባ ወዲያው ጥቁር የላቫ ሜዳ ይጀምራል፣ በፈረንጆቹ 1477 ገደማ የፈሰሰ ነው። እሱን አቋርጠሽ ስትወጪ ተራራው ቢጫ፣ ሮዝና አረንጓዴ ይሆናል። ድኝ ይሸታል። ከመሬቱ ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል። አስጎብኚያችን የአገሩ ልጅ ነበረች፤ ከምልክቱ እንዳንወጣ ደጋግማ ነገረችን። እንፋሎቱ አጠገብ ያለው ጭቃ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ሥሩ ግን የሚፈላ ውሃ ነው። ወደ ላይ ስትደርሺ ደግሞ መሬቱ በባልጩት ይሞላል። ጥቁር ነው፣ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ስትረግጪው ይንኮሻኮሻል። ቦታው ጥብቅ ስለሆነ አንዲትም እንዳታነሺ።

እዚያው ጎጆው ሊደረስ ሲል የድንጋይ ክምር ታያለሽ። በ2004 በፈረንጆቹ፣ ሰኔ ላይ፣ አንድ ወጣት እስራኤላዊ መንገደኛ በውሽንፍር የሞተበት መታሰቢያ ነው። ከመጠለያው ብዙም አይርቅም። ቆመን ስናነበው ጉም ነበር፣ ጎጆውም አይታይም። ያን ጊዜ ነው አስጎብኚ ለምን እንደሚከፈለው የገባኝ። መንገዱ የእንጨት ምልክት አለው፣ ቀኑ ብራ ከሆነ ማንም ያገኘዋል። ቀኑ ሲበላሽ «እዚህ እንጠብቅ» ወይም «እንመለስ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። አባቴም እንግዳ እየተቆጣ እንኳ በቅሎውን መልሶ የሚያውቅ ሰው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄድ ሰው ገንዘቡ ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

ልብስ ላይ አትሳሳቺ። ጥጥ የሚባል ነገር ሰውነትሽን እንዳይነካ። ጂንስ፣ ቲሸርት፣ የጥጥ ካልሲ ቤት ይቅሩ። ጥጥ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀትሽንም ይወስዳል። ከውስጥ ስስ ሱፍ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውሃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ኮፍያና ጓንት ሁለት ሁለት ያዢ። ሻንጣው በመኪና የሚሄድ ከሆነ ጋቢሽን ጨምሪ፤ ማታ ጎጆ ውስጥ ትወጂዋለሽ።

ባለ እንፋሎቱ፦

የእናትን ፍርሃት እኔ ልመልስ። ሥራዬ የከርሰ ምድር እንፋሎት ነው፤ ለሥልጠና ሬይክያቪክ ከርሜያለሁ። አይስላንድ ከ1979 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ከታዳጊ አገሮች ባለሙያዎችን እየወሰደች ታሠለጥናለች፣ ከእኛም አገር ብዙዎች ሄደዋል።

በዜና የምታዩት እሳት ሬይክያኔስ በሚባለው ልሳነ ምድር ላይ ያለው ነው። ከ2021 ወዲህ ደጋግሞ ፈንድቷል። ግሪንዳቪክ የምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ በኅዳር 2023 ነዋሪዎቿን ያስወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ላውጋቬጉር ከዚያ በጣም ይርቃል፤ ወደ ምሥራቅ፣ ደጋው ውስጥ ነው። እርግጥ እሱም ከእሳት ነፃ አይደለም። የመንገዱ ደቡባዊ ጫፍ በሁለት የበረዶ ግግሮች ሥር ያልፋል። አንደኛው በሚያዝያ 2010 አብዛኛውን የአውሮፓ በረራ ያስቆመው ኤያፍያላዮኩትል ነው። ብዙዎቻችሁ ያኔ ፍራንክፈርትና ለንደን ላይ ታግታችሁ ነበር። ሁለተኛው ሚርዳልስዮኩትል ነው፤ በሥሩ ካትላ የምትባል እሳተ ገሞራ አለች። ካትላ ለመጨረሻ ጊዜ በትልቁ የፈነዳችው በ1918 ነው። እሳቱ በረዶውን ከሥር ሲያቀልጠው ድንገተኛ ጎርፍ ይመጣል፣ ሰው የሚሰጋው እሱን ነው። ለዚህም የአገሩ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሌት ተቀን የመሬቱን እንቅስቃሴ ይከታተላል፣ አደጋ ካለ በአካባቢው ባሉ ስልኮች ሁሉ መልእክት ይላካል። ስልክሽን አታጥፊ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ዝም ማለት ስለማልችል ነው። ይህ አገር የአፋር ዘመድ ነው። ሁለት የምድር ሰሌዳዎች እየተለያዩ ውቅያኖስ ሥር የሚደረገው ነገር በደረቅ መሬት ላይ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች ሁለቱ እነዚህ ናቸው። አይስላንድ በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ትሰፋለች። አፋር ውስጥ ደግሞ በመስከረም 2005 ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ቦታ መሬቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር ተራራቀ። አይስላንድ ውስጥ ክራፍላ በሚባለው እሳተ ገሞራ ላይ ከ1975 እስከ 1984 የሆነውን ተመሳሳይ መሰንጠቅ የሚያውቁ ተመራማሪዎች ይህን ሲያዩ ወዲያው ነው የተረዱት። ላንድማናላውጋር ላይ ያን እንፋሎት ስታይ የእኛን የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ፣ አሉቶ ላንጋኖንም አስቢልን።

የኦስሎዋ፦

ስለ ጾሙና ስለ አዳሩ እኔ ልንገርሽ፣ ወንዶቹ ይህን አይነግሩሽም።

ጎጆ ሲሉሽ የግል ክፍል እንዳይመስልሽ። ሰፊ አዳራሽ ነው፣ ፍራሽ ተደርድሮ ወንዱም ሴቱም አብሮ ይተኛል። ሁሉም በየስሊፒንግ ባጉ ነው፣ ሥርዓት አለው። የጆሮ መድፈኛ ያዢ። ህራፍንቲኑስከር ላይ ሻወር የለም፤ ከዚያ በታች ያሉት ላይ ከፍለሽ ትታጠቢያለሽ። ስልክ መሙያም ስለማታገኚ ፓወር ባንክ አትርሺ። ፀጉርሽን ከመሄድሽ በፊት ሹሩባ ተሠሪ። በዚያ ነፋስ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ጾሙን በተመለከተ «ቪጋን» በያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ግን አብራሪላቸው፤ ዓሣም፣ ቅቤም፣ ወተትም የለም በይ። በቡድን ጉዞ ማታ ማታ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የበግ ሥጋና ዓሣ ነው። እኔ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር። በሶ ለመንገድ የተፈጠረ ምግብ ነው። ውሃና ትንሽ ስኳር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ማብሰያ አያሻውም። የጉዞ ጓደኞቼ ቀምሰው ከእኔ አልለይ አሉ። ሽሮም ይዘሽ ከሄድሽ ጎጆዎቹ የጋራ ማብሰያ አላቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን ለንስሐ አባትሽ አስቀድመሽ ንገሪ። ቀኑን ሙሉ በነፋስ እየሄድሽ ባዶ ሆድ መሆን ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ አንቺ ነርስ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።

ነርሷ ከጎተንበርግ፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ የ«ባለ እንፋሎቱን» መልስ አነበብኩላት፣ ቀለል ብሏታል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ወንዙ ምን ያህል ነው? ጉልበቴስ መሐል መንገድ ላይ እምቢ ካለኝ መውጫ አለ?

የደባርቅ ልጅ፦

ከጉልበቱ ልጀምር። ከባዱ ቁልቁለት ሁለተኛው ቀን ላይ ነው፣ ወደ አልፍታቫትን ሐይቅ ስትወርጂ። ቦታው ዮኩልቱንጉር ይባላል። ከላይ ቆመሽ ሐይቁን፣ አረንጓዴ ሾጣጣ ተራሮችን፣ ከኋላቸው ነጩን የበረዶ ግግር አንድ ላይ ታያለሽ። እንዲህ ያለ እይታ በሕይወቴ ጥቂት ነው ያየሁት። ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ጠጠሩም ይንሸራተታል። ሁለት ዱላ ያዢ፣ አንድ አይበቃም። ለመውረድ ስትጀምሪ ዱላዎቹን አስረዝሚያቸው። ለአስጎብኚዋም ከመነሳታችሁ በፊት ጉልበትሽን ንገሪያት፤ ከፊት አጠገቧ ታደርግሻለች፣ ፍጥነቱም በአንቺ ልክ ይሆናል። ከኋላ ሆነሽ እየሮጥሽ መድረስ ነው ጉልበት የሚጨርሰው። ደግነቱ ከቁልቁለቱ ሥር አልፍታቫትን ጎጆ አለ፣ እዚያ መኪና ይገባል። ጉልበትሽ ካበጠ ከሻንጣው ጋር ወደሚቀጥለው ማደሪያ መሄድ ይቻል እንደሆነ ድርጅቱን አስቀድመሽ ጠይቂ። ይቻላል ካሉሽ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ወንዙ ዋናው ሦስተኛው ቀን ላይ ነው፣ ብላውፍያላክቪስል ይባላል። ብዙ ጊዜ ጉልበት ድረስ ነው፣ ዝናብ ከዘነበ ይጨምራል። ውሃው በጣም ስለሚቀዘቅዝ እግርሽን መጀመሪያ ያምሻል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል። የእኛ አስጎብኚ እዚያ ስንደርስ ወዲያው አላስገባችንም። ቦርሳዋን አስቀምጣ ዳር ዳሩን ወደ ላይ ሄደች፣ ተመልሳ ወደ ታች ሄደች። ወንዙ ሰፍቶ በሦስት የተከፈለበትን ቦታ መረጠች፤ ጠባቡ ጋ ጥልቅ ነው፣ ኃይለኛም ነው። ራሷ ቀድማ ተሻግራ ተመለሰች። ከዚያ የቦርሳችንን የወገብና የደረት ማሰሪያ አስፈታችን፣ ብንወድቅ ቦርሳው እንዳይዘን ነው። ሦስት ሦስት ሆነን ክንድ ለክንድ ተያያዝን። ፊታችንን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዙረን፣ በጎን በኩል ቀስ እያልን ተሻገርን። በባዶ እግር እንዳትሞክሪ። ከኋላ የሚታሰር የውሃ ጫማ ግዢ፤ ሸበጥ ውሃው ይወስደዋል። ለማድረቂያ ትንሽ ፎጣና ደረቅ የሱፍ ካልሲ ከላይ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን።

ከወንዙ ማዶ ጥቁር የአሸዋ በረሃ ነው። ሰዓታት ትሄጃለሽ፣ ሣር እንኳ የለም። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ይሰለቸዋል፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። ነፋስ ካለ አሸዋው ዓይን ስለሚያስቸግር መነጽር ያዢ። ማታ ኤምስትሩር የሚባለው ማደሪያ ላይ የበረዶ ግግሩን ምላስ በቅርብ ታያለሽ፣ ጥቁር አመድ ለብሷል። በደንብ እዪው። ከአገሩ አንድ አሥረኛው ያህል በረዶ ነው፣ ግን እየቀለጠ ነው። ኦክ የሚባለው ግግር በ2014 ግግር መሆኑ ቀርቷል ተባለ፣ በ2019 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተከለለት። መጨረሻው ቀን ላይ አንድ ወንዝ ይቀርሻል፣ ከሱ ማዶ ድንገት የበርች ጫካ ውስጥ ትገቢያለሽ። ሦስት ቀን ዛፍ ሳታዪ ቆይተሽ ያን ቅጠል ስትሸቺ ደስ ይልሻል።

አሁን ለድርጅቱ ጻፊላቸው። አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይይዛል? የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አላት ወይ? አየሩ ከተበላሸ ቀኑ ይለወጣል ወይ? ጾሙንም በዚያው ደብዳቤ ንገሪያቸው፤ ምግቡ ከሬይክያቪክ ተገዝቶ ስለሚጫን ደጋው ውስጥ እንደልብ ሱቅ አታገኚም።